ከብርጭቆ ማስቀመጫ እስከ አሻንጉሊት ቀሚስ፦ ኪሮሽ ለጀማሪ

የመጀመሪያው የአሻንጉሊት ቀሚሴ በጣም ያምር ነበር። አንገቱ ላይ ጥለት አለው፣ ከታች ሸብሸብ ይላል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ አሻንጉሊቷ ልትለብሰው አልቻለችም። ከላይ ጭንቅላቷ አላልፍ አለ፣ ከታች ዳሌዋ። ሦስት ምሽት የፈጀብኝን ሥራ በ5 ደቂቃ ተረተርኩት።

ጥፋቱ የእጄ አልነበረም። እጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለምዳል። እኔ ያልለካሁት ነገር ነበር፣ ያልቆጠርኩት ነገር ነበር። ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ብዙ ዓይነት ጥለት አይደለም። አንድ ክብ እንሠራለን። ክቡን ጠፍጣፋ ከተውነው የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው። ጠርዙን ወደ ላይ ካቆምነው ቅርጫት ነው። ቅርጫቱን ከገለበጥነው የአሻንጉሊት ባርኔጣ ነው። የቀሚሱ ጉርድም ቢሆን መሐሉ የተበሳ ክብ ማለት ነው። ይህ ከገባችሁ የቀረው ልምድ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ኪሮሽ፣ ክር፣ መቀስ፣ ሜትር፣ ዐይኑ ሰፊ የሆነ ወፍራም መርፌ፣ ጥቂት መርፌ ቁልፍ። በቃ።

ኪሮሽ የሚለካው በሚሊሜትር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ እጀታው ላይ ተጽፏል። ለጀማሪ 4 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ለአሻንጉሊት ልብስ ግን ወደ 2 ወይም 2.5 መውረድ ግድ ነው። ቀጭን የብረት ኪሮሽ ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በአንዳንድ አገር አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር ኪሮሹ ይቀጥናል። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ሚሊሜትሩን እዩ።

ክር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ጥቁር ክር፣ ጸጉራም ክር ወይም የሚያብረቀርቅ ክር አይግዛ። ጥቁሩ ላይ ስፌቱ አይታይም። ጸጉራሙ ሲተረተር እርስ በርሱ ይያዛል። የሚያብረቀርቀው ደግሞ ከእጅ ያመልጣል። ፈካ ያለ ቀለም ያለው፣ ልስልስ ያለ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ይሻላል።

ለወጥ ቤት ዕቃ ጥጥ ብቻ! ሰው ሠራሽ ክር ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፤ የጋለ ድስት ላይ ሲቀልጥ ደግሞ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ አይቀልጥም። ለአሻንጉሊት ልብስም ቀጭን የጥጥ ክር፣ ማለትም ዳንቴል የሚሠራበትን ዓይነት፣ እመርጣለሁ። ወፍራም ክር ትንሽ ገላ ላይ ሲሆን ልብስ ሳይሆን ጥሩር ያስመስላታል።

አንድ ዕቃ ለመጨረስ የሚበቃችሁን ክር በአንድ ጊዜ ግዙ። ወረቀቱ ላይ የቀለም ማቅለሚያ ዙር ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ከተለያየ፣ ያው ቀይ ነው ብላችሁ የገዛችሁት ቀይ ሥራው መሐል ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

አራቱ እንቅስቃሴዎች

ኪሮሽ የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ሥራውም ስሙ ላይ አለ፤ ክሩን መንጠቅ፣ በቀለበት ውስጥ መሳብ። እያንዳንዱን የተጠናቀቀ ስፌት እኔ «ዐይን» እለዋለሁ። ከላይ ሲታይ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ክሮች ይመስላል።

ሰንሰለት፦ ኪሮሹ ላይ አንድ ቀለበት አለ። ክሩን ጠምጥሙና በቀለበቱ ውስጥ ሳቡት። አንድ ሰንሰለት ሆነ።

ማያያዣ፦ ኪሮሹን ዐይን ውስጥ ክተቱ፣ ክሩን ይዛችሁ በሁሉም ውስጥ በአንዴ ሳቡ። ቁመት የለውም፤ ዙር ለመዝጋት ነው የሚጠቅመው።

ነጠላ፦ ኪሮሹን ዐይን ውስጥ ክተቱና ክሩን ሳቡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክሩን ይዛችሁ በሁለቱም ውስጥ ሳቡ።

ረጅም፦ መጀመሪያ ክሩን ኪሮሹ ላይ ጠምጥሙ፣ ከዚያ ዐይኑ ውስጥ ክተቱና ክሩን ሳቡ። ሦስት ቀለበት ሆነ። በሁለቱ ሳቡ፣ ከዚያ በቀሩት ሁለቱ ሳቡ።

አንድ ዐይን ውስጥ ሁለት ጊዜ መሥራት «መጨመር» ነው። ሁለት ዐይን አንድ ላይ ማጠቃለል ደግሞ «መቀነስ»። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ቅልቅል ነው።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥለት የምትከተሉ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። አሜሪካኖች ነጠላ የሚሉትን እንግሊዞች ድርብ ይሉታል። በየትኛው አጠራር እንደተጻፈ ሳታረጋግጡ ከጀመራችሁ ልብሱ ከታሰበው እጥፍ ሊረዝም ይችላል። ጥለቱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ማንበብ ነው።

ክቡ፦ የብርጭቆ ማስቀመጫ

4 ሚሊሜትር ኪሮሽና መካከለኛ የጥጥ ክር ያዙ።

2 ሰንሰለት ሥሩ። መጀመሪያ በሠራችሁት ሰንሰለት ውስጥ 6 ነጠላ ሥሩ። 1ኛ ዙር ይህ ነው። የመጀመሪያው ዐይን ላይ መርፌ ቁልፍ አድርጉ፤ ዙሩ የት እንደጀመረ እሱ ነው የሚነግራችሁ። በየዙሩ ወደ አዲሱ የመጀመሪያ ዐይን አንሡት።

2ኛ ዙር፦ እያንዳንዱ ዐይን ላይ ጨምሩ። 12 ሆነ።
3ኛ ዙር፦ አንድ ነጠላ፣ አንድ መጨመር፣ እንዲህ እያላችሁ ዙሩ። 18።
4ኛ ዙር፦ ሁለት ነጠላ፣ አንድ መጨመር። 24።
5ኛ ዙር፦ ሦስት ነጠላ፣ አንድ መጨመር። 30።

ሕጉ ገባችሁ አይደል? በየዙሩ 6 ይጨመራል። 8ኛ ዙር ላይ ስንት ዐይን መኖር አለበት? 48። በእኔ እጅ 10 ዙር ሲሆን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይመጣል፤ ለብርጭቆ ይበቃል። እናንተ ጠበቅ ወይም ላላ አድርጋችሁ የምትይዙ ከሆነ ዙሩን ቀንሱ ወይም ጨምሩ።

የምትጨምሩበት ቦታ በየዙሩ አንዱ በአንዱ ላይ ከተደረደረ ክቡ ቀስ በቀስ ስድስት ማዕዘን ይሆናል። ካልፈለጋችሁት፣ በየሁለት ዙሩ የመጨመሪያውን ቦታ ትንሽ አሸጋሽጉ። እኔ አንዳንዴ ሆን ብዬ እተወዋለሁ፣ ስድስት ማዕዘኑም ያምራል።

አሁን ዋናው ትምህርት። ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። እንደ ሳህን ጎድጉዷል? ጥቂት ነው የጨመራችሁት። ጠርዙ እየተሸበሸበ አልተኛም ብሏል? አብዝታችኋል። ረጅም ዐይን ስትሠሩ ቁመቱ ስለሚበልጥ በ6 ፋንታ በ12 ጀምራችሁ በየዙሩ 12 መጨመር ያስፈልጋል፤ ነጠላ ላይ 12 ብትጨምሩ ግን መሸብሸቡ አይቀርም።

ይህ መሸብሸብ ለኛ ስህተት ቢሆንም ለሒሳብ ሊቃውንት ግን ሀብት ሆኗል። በ1997 እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና ሆን ብላ እያበዛች በመጨመር፣ በወረቀት ሲሠራ ቶሎ ይቀደድ የነበረውን «ሃይፐርቦሊክ» የሚባል ገጽ፣ ማለትም ወደ ጠርዙ በሄደ ቁጥር እየተሸበሸበ የሚሰፋ ቅርጽ፣ በኪሮሽ ሠርታ በእጅ የሚዳሰስ አድርጋዋለች። እና ማስቀመጫችሁ ቢሸበሸብባችሁ ብዙ አትናደዱ። ግን ተርትሩት።

መተርተር ስል አትደንግጡ። ኪሮሽ ከሹራብ መርፌ የሚሻለው እዚህ ነው። ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አውጥታችሁ ክሩን ስትስቡት እስከ ስህተቱ ድረስ ይፈታል፣ ቀለበቱን መልሳችሁ መቀጠል ነው። ሌላ የሚያመልጥ ዐይን የለም።

ወደ ቅርጫትና ባርኔጣ

ክቡ የፈለጋችሁትን ያህል ሲሰፋ መጨመር አቁሙ። ያለውን ዐይን ያህል ብቻ እየሠራችሁ ዙሩ። ግድግዳው ራሱ ይቆማል። መሠረቱና ግድግዳው የሚገናኙበት ጠርዝ ደህና እንዲታጠፍ፣ የመጀመሪያውን የግድግዳ ዙር ከሁለቱ የዐይን ክሮች በኋላኛው ብቻ ሥሩት። ትንሽ ዘዴ ናት፣ ግን ልዩነቷ ትልቅ ነው።

ለቅርጫት ሁለት ክር አንድ ላይ ይዛችሁ ሥሩ፤ ኪሮሹንም ክሩ ከሚጠይቀው ትንሽ አሳንሱ። ጠበቅ ያለ ሥራ ነው የሚቆመው። የላላ ቅርጫት ዕቃ ሲገባበት ይተኛል።

ለባርኔጣ ደግሞ ሜትር ያዙ። የአሻንጉሊቷን የጭንቅላት ዙሪያ ለኩና ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ክቡ 8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን መጨመር ታቆማላችሁ ማለት ነው። ከዚያ ጆሮዋ ድረስ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። የባርኔጣው ክንፍ እንዲዘረጋ ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ አንድ ዙር በየሦስት ዐይኑ ጨምሩና፣ ሁለት ዙር ሳትጨምሩ ዝጉ።

ጸጉሯ ብዙ ከሆነ ከነጸጉሯ ለኩ። ይህን የምለው ረስቼው ስለማውቅ ነው።

የድስት መያዣ

ክብ ሰለቸን፣ አራት ማዕዘን እንሥራ። በ4 ሚሊሜትር ኪሮሽ 33 ሰንሰለት ሥሩ። ከኪሮሹ ሁለተኛው ሰንሰለት ላይ ጀምራችሁ 32 ነጠላ ሥሩ። 1 ሰንሰለት ሥሩና ሥራውን ገልብጡ። እንደገና 32። ቁመቱ ከስፋቱ እኩል እስኪሆን ቀጥሉ።

እዚህ የጀማሪ ሁሉ ችግር ይመጣል። አራት ማዕዘን ብላችሁ የጀመራችሁት ቀስ እያለ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ምክንያቱ ረድፉ መጨረሻ ላይ ያለችው ዐይን ትደበቃለች፣ እናንተም ታልፏታላችሁ። 32 የነበረው 31፣ ከዚያ 30 ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የረድፉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዐይን ላይ መርፌ ቁልፍ አድርጉ። ቁልፉ ካለበት ዐይን ላይ ሳትሠሩ አትገልብጡ። ሁለት ሦስት ረድፍ ከሆነ በኋላ ዐይናችሁ ራሱ ይለየዋል።

ሁለት እኩል ቁራጭ ሥሩ። አንድ ንብርብር ሙቀት አይችልም። አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሩና ዙሪያውን ሁለቱን ባንዴ እየወጋችሁ በነጠላ ያዙት። ማዕዘኑ ላይ 3 ነጠላ አንድ ቦታ ካልሠራችሁ ይኮማተራል። የመጨረሻው ማዕዘን ላይ 12 ሰንሰለት ሠርታችሁ እዚያው በማያያዣ ዝጉ፤ ማንጠልጠያ ሆነ።

መያዣው እርጥብ ከሆነ የጋለ ነገር አትያዙበት። ውኃ ሙቀቱን ቶሎ ወደ እጅ ያደርሰዋል። ደረቁ ነው የሚያድነው።

ቀሚሱ

አሁን ወደዚያች ቀሚስ። በ1959 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለችው ባርቢ ቁመቷ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ብዙ አሻንጉሊቶችም በዚያው ልክ ይሠራሉ። ግን የደረታቸውና የወገባቸው ልክ ይለያያል። የእናንተን ራሳችሁ ለኩ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከብብት እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት።

ቀጥሎ ናሙና። የምትሠሩበትን ክርና ኪሮሽ ይዛችሁ 20 ዐይን ስፋት ያለው ትንሽ ቁራጭ በነጠላ ሥሩ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን እንዳለ ቁጠሩ። ናሙና መሥራት ሁሉም ሰው ይሰለቸዋል፣ እኔንም ጨምሮ። ያንን የተረተርኩትን ቀሚስ ያለ ናሙና ነበር የጀመርኩት።

በእኔ እጅ፣ በ2 ሚሊሜትር ኪሮሽና በቀጭን የጥጥ ክር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 16 ዐይን ገባ። በ1 ሴንቲ ሜትር 3.2 ማለት ነው። የእኔዋ አሻንጉሊት ወገቧ 9 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ወደ 28 ዐይን፣ ደረቷ 13 ስለሆነ ወደ 42 ዐይን ያስፈልጋታል። የእናንተ ቁጥር ከተለየ በዚሁ መንገድ አስሉት።

የምንጀምረው ከወገብ ነው። ከወገብ ወደ ላይ ደረቱን፣ ከዚያ ተመልሰን ወደ ታች ጉርዱን። ጀርባው ክፍት ነው፤ ስለዚህ ደረቱን በረድፍ እንጂ በዙር አንሠራም።

29 ሰንሰለት። ከሁለተኛው ጀምሮ 28 ነጠላ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ረድፍ እንዲሁ 28። በየረድፉ መጨረሻ 1 ሰንሰለት ሠርቶ መገልበጥ አይረሳ።

4ኛ ረድፍ፦ 3 ነጠላ፣ 1 መጨመር፣ 7 ጊዜ። 35።
5ኛና 6ኛ፦ ሳይጨመር።
7ኛ ረድፍ፦ 4 ነጠላ፣ 1 መጨመር፣ 7 ጊዜ። 42።

ከዚህ በኋላ ብብቷ ድረስ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ለእኔ 12 ረድፍ በቃኝ። በየሁለት ረድፉ ገላዋ ላይ ጠምጥማችሁ ሞክሩት። ትንሽ ቢጠብ ችግር የለውም፣ ኪሮሽ ይሳባል። ከሰፋ ግን ይንሸራተታል።

ክሩን ቁረጡና አሁን ጉርዱ። ሥራውን ገልብጡት። የመጀመሪያዋ ሰንሰለት ከታች በኩል 28 ባዶ ዐይን አላት። ክር አያይዙባትና በረጅም ሥሩ። የረድፉ መነሻ 3 ሰንሰለት እንደ አንድ ረጅም ይቆጠራል።

1ኛ ረድፍ፦ አንድ ረጅም፣ አንድ መጨመር፣ እስከ መጨረሻው። 42።
2ኛና 3ኛ ረድፍ፦ 42፣ ሳይጨመር፣ አሁንም ጀርባው ክፍት ሆኖ።

ያቺ የመጀመሪያ ቀሚሴ የጎደላት ይህ ነው። ክፍቱ ወገብ ላይ ካበቃ ዳሌዋ አያልፍም። ከወገብ በታች ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት መሆን አለበት። ከጨረሳችሁ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ 3ኛው ረድፍ ላይ፣ አልብሳችሁ ሞክሩ። ካላለፈ አንድ ክፍት ረድፍ ጨምሩ።

ካለፈ ሁለቱን ጫፎች በማያያዣ አገናኙና ከዚህ በኋላ በዙር ሂዱ።

4ኛ ዙር፦ 2 ረጅም፣ 1 መጨመር፣ ማለትም በየሦስተኛው ዐይን። 56።
ከዚያ የፈለጋችሁት ርዝመት እስኪደርስ 56።

ለጥለቱ፦ አንድ ዐይን ዝለሉ፣ ቀጣዩ ላይ 5 ረጅም ሥሩ፣ አንድ ዝለሉ፣ ቀጣዩ ላይ ማያያዣ። አምስቱ ረጅም አንድ ላይ ቅጠል ይመስላሉ። 56 ለ4 ስለሚካፈል 14 ቅጠል በትክክል ይወጣል። ቁጥራችሁ ለ4 ካልተካፈለ መጨረሻ ላይ ግማሽ ቅጠል ይተርፋችኋል፤ ስለዚህ ከጥለቱ በፊት ባለው ዙር ላይ አንድ ሁለት ዐይን ጨምራችሁ አስተካክሉ።

ማንገቻው ደረቱ ላይኛው ጠርዝ ላይ ይሠራል። ቀሚሱን አልብሷትና ትከሻዋ የሚመጣበትን ከኋላና ከፊት በመርፌ ቁልፍ ምልክት አድርጉ። ከኋላው ምልክት ሰንሰለት ጀምሩ፣ ትከሻዋን አልፎ ፊት ምልክቱ እስኪደርስ። ለእኔ 12 ሰንሰለት ሆነ። ፊት ላይ በማያያዣ ያዙት፣ ሰንሰለቱ ላይ ነጠላ እየሠራችሁ ተመለሱ። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ በተመሳሳይ ቁጥር።

ለጀርባው ትንሽ ቁልፍ በአንድ ጎን ስፉ፣ በሌላው ጎን ከ4 ወይም 5 ሰንሰለት ቀለበት ሥሩ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ምንም አታድርጉ። ሕፃን ነቅሎ ይውጠዋል፣ ያንቀዋል። ለእነሱ ሰውነቷ ለስላሳ የሆነ አሻንጉሊት መርጣችሁ፣ ላላ ያለ ከላይ የሚጠለቅ ልብስ ሥሩላት።

ማጠናቀቂያ

የክሩን ጫፍ ስትቆርጡ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር አስተርፉ። በወፍራሙ መርፌ ከጀርባ በኩል በዐይኖቹ መሐል አሳልፉ፣ ከዚያ አቅጣጫ ቀይራችሁ ተመለሱ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ሲታጠብ ይወጣል። ቋጥሮ መቁረጥ የሰነፍ መንገድ ነው፤ ቋጠሮው በፊት ለፊት ብቅ ይላል።

ሥራው አልተኛ ካለ ለብ ባለ ውኃ አርጥቡት፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ጨመቅ አድርጉት (አትጠምዝዙት)፣ ከዚያ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ በእስፒል ወጥራችሁ አድርቁ። ጥጥ በዚህ መንገድ የሰጣችሁትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ሰው ሠራሽ ክር ላይ ካውያ አታሳርፉ፣ እንደ ላስቲክ ይዘረጋና አይመለስም።

ቀይና ነጭ ክር አንድ ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ከቀዩ ትንሽ ቁራጭ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉ። ጨርቁ ከቀላ ያ ክር ከነጭ ጋር አይሄድም።

ስታለብሷት ደግሞ በእግሯ በኩል ነው። እጆቿ ማንገቻው ውስጥ ሲገቡ ጣቶቿ ክሩን እየያዙ ያስቸግራሉ። ከስስ ፌስታል ትንሽ ቁራጭ እጇ ላይ ጠቅልሉና አሳልፉት፣ ከዚያ ፌስታሉን ሳቡት።